ፊት የተባለው ኋላ፣ ኋላ የተባለው ፊት፦ ለራሴ ባጊ የገዛኋቸው አራት ሾኮች

እነዚህን ሾኮች የነደፈው ሰው ያሰበው ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ የኋላ ጎማዎቹን የሚያሽከረክር ባጊ፣ ማለትም በሪሞት የሚነዳ ትንሽ የአፈር መኪና፣ ነው። ይህ ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ያስታውቃል። ሁለቱ አጫጭር ሾኮች «ፊት»፣ ሁለቱ ረጃጅሞች ደግሞ «ኋላ» ተብለው ተጽፎባቸዋል። የእኔ በሪሞት የሚነዳ ባጊ ግን የፊት ጎማዎቹ የሚጎትቱት ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ባትሪው በሙሉ ወደ ፊት ተጠግተዋል። ሻንሲውን ቆርጬ፣ ብራቾዎቹን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች) በስሪዲ ፕሪንተር አትሜ፣ ካምቢዮውን ከሌላ መኪና ወስጄ የገጣጠምኩት እኔው ነኝ። ዘይት የማያፈስ ሾክ መሥራት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እሱን ገዛሁ።

ከፋብሪካ የወጣ የፊት ጎማ ነጂ ባጊ ማግኘት ከባድ ነው። የታሚያ ኤም-03 እና ኤም-05 የፊት ጎማ ነጂዎች ናቸው። ሆኖም የአስፋልት ትንንሽ መኪኖች ናቸው። ለአፈርና ለዝላይ የሚሠራ ባጊ ብዙውን ጊዜ ወይ በኋላ ጎማ ወይ በአራቱም ጎማ ነው የሚነዳው። ስለዚህ ለገበያ የሚቀርበው ሾክ ርዝመቱም፣ ሞላውም፣ የፒስተኑ ቀዳዳም ለእነሱ ተለክቶ ነው የሚመጣው። እኔም ይህን ስብስብ የምመዝነው በዚያ ዓይን ነው። ሾኮቹ በእጅ ሲያዙ ጥሩ ዕቃ ናቸው። «ፊት» እና «ኋላ» የሚለውን ጽሑፍ ግን ከነመመሪያው እርሱት።

የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ይኸው ዕቃ በተለያየ ቀለምና ስም ይሸጣል። በልኩ ታውቁታላችሁ። ለ1/10 መኪና (የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ) የተሠራ ነው። አካሉ አሉሚኒየም፣ ውስጠኛ ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር፣ ዘንጉ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ ሾክ 32፣ አጭሩ 22 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ክዳኑ ሥር የጎማ ዲያፍራም (የሚለጠጥ ስስ ሽፋን) አለው። ከውስጡ ሦስት ዓይነት ፒስተን ይወጣል፤ ሁሉም ባለ ሁለት ቀዳዳ ሲሆኑ ቀዳዳዎቹ 1.5፣ 1.6 እና 1.7 ሚሊ ሜትር ናቸው።

ወደ ሾኮቹ ከመግባቴ በፊት የመኪናውን ነገር ልጨርስ፤ አለዚያ ፍርዴ አይገባችሁም።

ባጊዬ ከነባትሪው 1.6 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 1 ኪሎው በፊት ጎማዎች፣ 600 ግራሙ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 270 ሚሊ ሜትር ነው። የክብደቱ መሐል ከመሬት ወደ 60 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። የሪሞቱን ቃታ ስስብ መኪናው ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የኋላ ጎማ ነጂ ሲሆን ይህ ሽሽት ይጠቅማል፤ የሚነዳው ጎማ ላይ ክብደት ይጨምራል። የፊት ጎማ ነጂ ሲሆን ግን መጎተት ካለበት ጎማ ላይ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው። የጎማው ቆንጣጭነት (ከተሸከመው ክብደት ስንቱን ያህል መጎተት እንደሚችል) አፈር ላይ 0.8 ነው እንበል። የእኔ መኪና ከ0.42 ጂ (1 ጂ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ነው) በላይ መፈናጠር አይችልም። ያው ክብደት ተገልብጦ ከኋላ ቢሆንና የኋላ ጎማ ቢነዳ ኖሮ 0.61 ጂ ይደርስ ነበር።

ይህን ልዩነት የትኛውም ሾክ አይሞላውም። ወደ ኋላ የሚሸሸው ክብደት የሚወሰነው መኪናው በሚፈናጠርበት መጠን፣ በመኪናው ክብደት፣ በመሐሉ ከፍታና በሁለቱ አክስሎች ርቀት ብቻ ነው። ሞላ ጠነከረ ላላ፣ ያ አይቀየርም። ብዙ ሰው «የፊት ሞላ ቀይር፣ ይቆነጥጣል» ሲል እሰማለሁ። የሚቀየረው ክብደቱ ምን ያህል እንደሚሸሽ ሳይሆን፣ ሲሸሽ መኪናው ምን ያህል እንደሚነሳና ጎማው ከጉድጓዱ ጋር አብሮ መውረድ መቻሉ ነው። እሱ ግን ብዙ ዋጋ አለው። ባለችው 0.42 ጂ ያለ ብክነት መጠቀም የሚቻለው ጎማው መሬት ሳይለቅ ሲቀር ነው። ከሾክ የምጠብቀውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው።

የአሉሚኒየሙ ሥራ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ክሩ ንጹሕ ነው፤ የሞላ ማጥበቂያው ቀለበት በጣት ይዞራል፣ አይንገጫገጭም። ፒስተኑን ያለ ዘይት ከትቼ ከላይ እስከ ታች ሳንሸራትት የትም አልያዘም። ዘንጎቹን መስታወት ላይ አንከባለልኳቸው፤ አራቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። ዲያፍራሙም ለዘንጉ ውፍረት ይበቃል። ይህን ብዙ ሰው አያየውም። 3.5 ሚሊ ሜትር ዘንግ 32 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ያፈናቅላል። ያ ዘይት የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ሾኩ መጨረሻው ላይ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ወይም በጎሚኒው በኩል ያፈሳል። እዚህ ዲያፍራሙ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ዘንጉን እስከ መጨረሻ ስገፋው እኩል ይሄዳል፤ ስለቀውም ቀስ ብሎ ትንሽ ብቻ ይመለሳል። አራቱም እኩል እንዲመለሱ አድርጎ መሙላት አላስቸገረኝም። ከዚህ በፊት ከያዝኳቸው ብዙ ሾኮች ይህኛው አየሩ ቶሎ የሚወጣለት ነው።

ሞላዎቹ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። «መካከለኛ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለባቸውም። የሞላ ጥንካሬ በቃል አይነገርም፤ ቁጥር ያስፈልገዋል። ደግነቱ መለካት ቀላል ነው። ሞላውን ዲጂታል ሚዛን ላይ አቁማችሁ ልክ 10 ሚሊ ሜትር እስኪታመቅ ትጫኑታላችሁ፤ ሚዛኑ የሚያሳየውን ግራም ታነባላችሁ። የረጅሙ ሾክ ሞላ 430 ግራም፣ የአጭሩ 610 ግራም አሳየኝ። ወደ ኒውተን ስንለውጠው ረጅሙ 0.42፣ አጭሩ 0.6 ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው። ጥንዶቹ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ከሚዛኑ ስህተት አይበልጥም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ሞላ መኪናውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል።

በመመሪያው መሠረት አጭሩ ከፊት ይሁን ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። አልሄደም። ችግሩ ሞላው ብቻ አይደለም። የአጭሩ ሾክ 22 ሚሊ ሜትር ጉዞ ለፊተኛው ብራቾ ያንሰዋል። የኋላ ጎማ ነጂ ባጊ የፊት ጎማ መሪ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የእኔ ግን መሪም፣ ጉልበትም፣ ከግማሽ በላይ ክብደትም ይሸከማል። ረጅም ጉዞ የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህ ገለበጥኳቸው። «ኋላ» የተባሉትን ፊት፣ «ፊት» የተባሉትን ኋላ።

መገልበጥ ብቻውን ግን አይበቃም። የሾኩ እግር ብራቾው ላይ የት ጋ እንደሚታሰር ከሞላው ምርጫ በላይ ይወስናል። ብራቾዬ ከሚታጠፍበት ፒን እስከ ጎማው መሐል 90 ሚሊ ሜትር ነው። የሾኩ እግር ከፒኑ 65 ሚሊ ሜትር ላይ ቢታሰር ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ሾኩ 0.72 ሚሊ ሜትር ይታመቃል። የሞላው ጥንካሬ ጎማው ጋ ሲደርስ የሚባዛው በ0.72 ሳይሆን በ0.72 ስኩዌር ነው። አንድ ጊዜ ጉዞው ስለሚያንስ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኃይሉ በብራቾው ርዝመት ስለሚቀንስ። ስለዚህ 0.42 የነበረው ሞላ ጎማው ላይ 0.22 ገደማ ይሆናል። ሾኩ ወደ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል፤ እኔ ቀጥ አድርጌ ስለተከልኩት ለዚህ ሒሳብ ተውኩት።

ፊት በእያንዳንዱ ጎማ በኩል ሞላው የሚሸከመው 380 ግራም ያህል ነው፤ የጎማውና የብራቾው ክብደት ተቀንሶ። ያ 3.7 ኒውተን ነው፤ በ0.22 ሲካፈል መኪናው ሲቆም 17 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የጎማው ጠቅላላ ጉዞ 44 ነው። ስለዚህ ወደ ታች 17፣ ወደ ላይ 27 ይቀረዋል። ለአፈር መኪና ይህ ክፍፍል ደስ ይለኛል። ጉድጓድ ሲገኝ ጎማው የሚወርድበት አለው፤ ከዝላይ ሲያርፍም የሚታመቅበት አለው።

ኋላ ነው ነገሩ የሚከብደው። እዚያ ሞላው የሚሸከመው በየጎማው 210 ግራም ብቻ ነው። የአጭሩ ሾክ ሞላ ደግሞ 0.6፣ ጠንካራው ማለት ነው። ያንን እንደ ፊቱ 65 ሚሊ ሜትር ላይ ብናስረው ኋላው በሰከንድ ከ6 ጊዜ በላይ የሚነጥር፣ ሲቆም 6 እና 7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወርድ ይሆናል። ፊቱ በሰከንድ 3.8 ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ጠጠር ላይ ጭራው እንደ ፍየል ይዘላል። መሬት የማይነካ ጭራ ደግሞ በኩርባ ላይ መሪ የለውም።

መፍትሔው ሌላ ሞላ መግዛት ነው፣ ወይም የእግሩን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማምጣት። ብራቾውን የማትመው እኔ ስለሆንኩ ቀዳዳውን 45 ሚሊ ሜትር ላይ አደረግኩት። አሁን ሾኩ የጎማውን ግማሽ ይጓዛል። የ0.6 ሞላ ጎማው ላይ 0.15 ይሆናል። ኋላው በሰከንድ 4.2 ጊዜ ያህል ይነጥራል፣ ሲቆም 13 እና 14 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የአጭሩ ሾክ 22 ሚሊ ሜትር ጉዞም ጎማው ላይ 44 ይሆናል፤ ከፊቱ ጋር እኩል። ኋላው ከፊቱ ትንሽ ፈጠን ማለቱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እብጠት ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ፊቱ ነው፤ ኋላው ዘግይቶ ቢጀምርም ፈጠን ካለ ይደርስበታል፣ መኪናውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዙን ቶሎ ያቆማል።

በዚህ ነጥብ ስብስቡን ከልብ አመሰግነዋለሁ። ሁለቱ የተለያየ ርዝመት፣ ሁለቱ የተለያየ ሞላ መኖራቸው በትክክለኛው ቀዳዳ ሲታሰሩ ለፊት ጎማ ነጂ መኪና ልክ ሆነው ተገኙ። አምራቹ ያላሰበው ነገር ነው፤ ግን ይሠራል።

ዘይቱስ? አብሮ የሚመጣው ጠርሙስ ላይ «30» ብቻ ተጽፏል። ይህ የምን መለኪያ እንደሆነ አይናገርም። የዘይት ውፍረት በዌይትም በሴንቲስቶክም ይለካል። ዌይት ከሆነ በአንዳንድ አምራቾች ሠንጠረዥ 30 ዌይት ማለት 350 ሴንቲስቶክ ነው፤ የሌላው ሠንጠረዥ ግን ይለያል። እኔ ሴንቲስቶኩ የተጻፈበት የሲሊኮን ዘይት ካልሆነ አልጠቀምም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አለዚያ ነገ ያንኑ ነገር መልሳችሁ ማግኘት አትችሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር አለ። ኋላው ቀላል ስለሆነ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል የሚል ግምት አለ። ጎማው ላይ ካየነው እውነት ነው፤ ኋላው የሚፈልገው መርገቢያ (ሞላው ደጋግሞ እንዳይነጥር የሚይዘው የዘይቱ ኃይል) ከፊቱ ያነሰ ነው። ሾኩ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። የኋላ ሾክ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለታሰረ የእሱም መርገቢያ እንደ ሞላው በስኩዌር ይቀንሳል። ሒሳቡ ሲሠራ የኋላ ሾክ ከፊቱ በ1.28 እጥፍ ያህል ጠንክሮ መርገብ አለበት። ማለትም በአራቱም አንድ ዓይነት ፒስተን ከተከተተ ፊት 350፣ ኋላ 450 ሴንቲስቶክ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ይህንን ነው፤ ባለ 1.6 ፒስተን በአራቱም። ጠፍጣፋ አፈር ላይ በጣም ያምር ነበር። ከዝላይ ሲያርፍ ግን ፊቱ ድርቅ ይላል። ምክንያቱ ይታወቃል። ሾኩ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በቀዳዳው ቀስ ብሎ ያልፋል። ከከፍታ ሲያርፍ ግን ፍጥነቱ እጅግ ስለሚጨምር ዘይቱ ቀዳዳው ላይ ይታነቃል፤ ሾኩ ለቅጽበት የሚቆለፍ ያህል ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ይብሳል። ስለዚህ ለፊት 1.7ቱን ፒስተን ከወፍራም ዘይት ጋር አደረግኩ። በዝግታ ላይ መርገቢያው እንደ ነበረ ይቆያል፣ ሲያርፍ ግን ዘይቱ መሄጃ ያገኛል። 1.7 ቀዳዳ ከ1.6ቱ ጋር እኩል እንዲረግብ የሚፈልገው ዘይት ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 450 አካባቢ። ይኸው በአራቱም ሾክ አንድ ጠርሙስ 450 ሴንቲስቶክ፤ ፊት 1.7፣ ኋላ 1.6። ሦስቱን ዓይነት ፒስተን አብረው መስጠታቸው ለዚህ ነው የጠቀመኝ።

የዝላዩን ነገር ካነሳሁ የኋላ ሾክ ሲመለስ ያለውንም ልንገራችሁ። ከመዝለያው ጫፍ ላይ የተጨመቀው የኋላ ሞላ ድንገት ከተፈታ ቀላሉን ጭራ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ መኪናውም በአፍንጫው ይወርዳል። የፊት ጎማ ነጂ ባጊ ትልቁ ጠላት ይህ ነው። እነዚህ ሾኮች በ450 ዘይት ጭራውን ያዝ አድርገው ይለቁታል። አየር ላይ እያለም ቃታውን ብትስቡ አፍንጫው ይነሳል፤ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር አካሉ በተቃራኒው ይዞራልና። ይህ የፊትም የኋላም ጎማ ቢነዳ አንድ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ።

አንደኛው የመገደቢያ ቀለበት አለመኖሩ ነው። የፊት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠልና መሪው እስከ ጫፍ ሲታጠፍ የሲቪ ጆይንቱ (ጉልበቱን ወደሚታጠፈው ጎማ የሚያሻግረው መጋጠሚያ) ማዕዘን ከአቅሙ በላይ ይሄዳል፤ ይይዛል፣ ሲብስም ይወጣል። የኋላ ጎማ ነጂ መኪና የፊት ሾክ ይህ ችግር ስለሌለበት አምራቹ አላሰበበትም። 3 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጬ ከፒስተኑ ሥር ዘንጉ ላይ አገባሁ። የጎማው ጉዞ በ4 ሚሊ ሜትር ቀነሰ፣ ወደ ታች የነበረው 17ም 13 ሆነ። ጆይንቱ ዳነ። ግን ትንንሽ ቀለበቶች ካርቶኑ ውስጥ መክተት ምን ይከብዳል?

ያቺ የቀረችው 13 ሚሊ ሜትር ውድ ናት፤ ስለዚህ ስለ ብራቾው ፒን ማንሳት ግድ ነው። የኋላ ጎማ ነጂ ባጊዎች የፊት ብራቾ ፒን ፊተኛው ጫፉ ከፍ ብሎ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያዘነብላል። ጎማው ሲመታ ወደ ላይም ወደ ኋላም ስለሚሄድ ምቱ ይለዝባል። የሾኩ መመሪያም ማማው (የሾኩ ራስ የሚታሰርበት ሳህን) ይህን እንዲከተል አድርጎ ነው የሚያሳየው። ጎማው የሚጎትት ከሆነ ግን ይህ ማዘንበል ይጎዳል። ጎማው ወደ ፊት ሲገፋ በዚያው መስመር ወደ ታች ይሄዳል፤ ያኔ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል። በ25 ዲግሪ፣ በ0.42 ጂ፣ በእኔ ሞላ ሳሰላው ማዘንበሉ ብቻውን 7 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል። ከክብደቱ ሽሽት የሚመጣው ደግሞ 3 ነው። ከ13ቱ 10ሩ ቃታ በመሳብ ብቻ አለቀ። ለጉድጓድ 3 ሚሊ ሜትር ቀረ ማለት ነው። በሞተር ፍሬን ስይዝ ደግሞ በተቃራኒው አፍንጫው ይደፋል። እኔ 8 ዲግሪ አደረግኩት። ማዘንበሉ የሚያነሳው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። ምቱን በተመለከተ ትንሽ ደረቅ ይላል፤ ቃታ ስስብ ግን ጎማው መሬቱን አይለቅም። በአራቱም ጎማ የሚነዱ ባጊዎች ማዘንበላቸው ከኋላ ጎማ ነጂዎቹ የሚያንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የሾኩ እግር ነው። በኋላ ጎማ ነጂ መኪና ከፊት በኩል ዘንግ ስለሌለ ሾኩ ብራቾው መሐል ላይ ይቆማል። የእኔ ላይ ግን በዚያ መሐል ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አለ። ሾኩ ከዘንጉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ወደ ኋላ አሸሸሁት፤ ፊት ቢሆን በመጀመሪያው ግጭት ይሰበራል። የእግሩ ፕላስቲክ ግን ቀጭን ስለሆነ ዘንጉን ለማለፍ 6 ሚሊ ሜትር ማራቂያ አስገብቼ በረጅም ብሎን ማሰር ነበረብኝ። በአንድ ጎን ብቻ የተያዘ ረጅም ብሎን ይጎብጣል። ስለዚህ ብራቾው ላይ ሁለት ጆሮ አትሜ ብሎኑን ከሁለቱም ወገን አስያዝኩት። በራሱ ለሚያትም ሰው ቀላል ነው። የተገዛ ብራቾ ላለው ግን እዚህ ጋ ያቆመዋል።

ሌሎቹ ትንንሽ ናቸው። የዘንጉ ክር ጫፍ ስለታም ስለሆነ ኦሪንጉን ሊቆርጥ ይችላል፤ በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ አሳልፉት። የታችኛው የሞላ መቀመጫ ሾኩ ሲንጠለጠል ከቦታው ይወጣል፣ በተለይ ማጥበቂያው ላላ ሲል። የኋላውን 2 ሚሊ ሜትር ጠበቅ አድርጌ ተውኩት። ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ መኪናውን ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ረጅሙ ሾክ ፊት ሲገባ ማማውም ይረዝማል፤ መኪናው ሲገለበጥ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር ካርበን ፋይበር ቆርጬዋለሁ።

ስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ ብራቾዎችን የሚያያይዝ ሽቦ) በስብስቡ ውስጥ የለም፤ እንዲኖርም አልጠብቅም። የፊት ጎማ ነጂ ባጊ የምትሠሩ ከሆነ ግን ኋላ ላይ ሳትገጥሙለት አትተዉት። ኩርባ ላይ ውስጠኛው የፊት ጎማ ሲቀልል ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ወደ እሱ ይለቀዋል፤ ባዶውን ይሽከረከራል። የኋላው ክፍል ለማዘንበል ጠንከር ካለ የኋላ ውስጠኛው ጎማ ነው የሚቀለው፤ የማይነዳ ስለሆነ ምንም አይጎድልም። የፊት ውስጠኛው መሬት ላይ ይቆያል። ይህን በጠንካራ የኋላ ሞላ ማምጣት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ያ ጠጠር ላይ የሚዘል ጭራ ነው። ስታቢላይዘር ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡ ዝም ይላል፣ መኪናው ሲያዘነብል ብቻ ይሠራል። ለስላሳ ሞላና ጠንካራ ስታቢላይዘር፤ ለቀላል ጭራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። 1.2 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ አጥፌ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ወደ 1.4 አሳደግኩት። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ የሽቦ ጥንካሬ ግን በዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ስለሚያድግ ወደ 1.85 እጥፍ ደርሷል። በ1.4ቱ መኪናው ኩርባ ላይ የኋላ ውስጠኛ ጎማውን አንስቶ፣ በፊቶቹ እየጎተተ ይወጣል።

ሾኮቹን ለማን እመክራለሁ? ብራቾውንና ማማውን በራሱ ለሚሠራ ሰው ያለ ማመንታት። የእግሩን ቀዳዳ በፈለጋችሁበት ማድረግ ከቻላችሁ ይህ ስብስብ ከፊት ጎማ ነጂ ጋር በደንብ ይግባባል። ቀዳዳው የተወሰነ የፋብሪካ ብራቾ ካላችሁ ግን ሞላ ለብቻ መግዛታችሁ አይቀርም፤ ለኋላ ከ0.3 ኒውተን በሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፈልጉ።

መለዋወጫው በየአይነቱ ለብቻው ይገኛል፦ ኦሪንግ፣ ዲያፍራም፣ ዘንግ፣ የሾክ እግር። ከሁሉም የወደድኩት ቀዳዳ የሌለው ፒስተን መሸጡ ነው። ለፊት 1.8 ሚሊ ሜትር በስቼ፣ 550 አካባቢ ዘይት ሞልቼ ልሞክረው አዝዣለሁ። ከትልቁ ዝላይ ሲያርፍ የቀረችውን ትንሽ ድርቀት ያጠፋታል ብዬ አስባለሁ።